የእናቴ ባዘቶ

ባዘቶ ማለት ፍሬው ወጥቶለት፣ በደጋን ተነድፎ፣ ለእንዝርት የተዘጋጀ ጥጥ ነው። አምቦ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁና ይህን አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ብጠይቅ፣ አንዷ ተማሪዬ በሙሉ ልብ «የጸጉር ቅባት ነው» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ግን እሷ በሳቅ ልትሞት ደረሰች።

እናቴ ወይዘሮ ወርቅውሃ ባዘቶ የማይገባበት ጉዳይ የላትም። ልጅ ሳለሁ ጆሮዬን ሲያመኝ በባዘቶ ትወትፈው ነበር። ለቤተ ክርስቲያን የምትሰጠው ጧፍ ክሩ የሚወጣው ከዚያው ነው። የዶሮ እግር ቢቆስል ባዘቶ፣ የጎረቤት ልጅ ቢነስረው ባዘቶ። ሽበት የወረረውን ሰው ስታይም «ራሱ ባዘቶ መስሏል» ትላለች። በሰፌድ ላይ የደረደረችውን ባዘቶ ግን ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም። የሰው እጅ ላብ ያበላሸዋል ባይ ናት።

እኔ ዘሩባቤል ቢሊሴን ላገባ ሽማግሌ የላክሁት ባለፈው ጥር ነው። ቢሊሴ የጌዶ ልጅ ናት፤ አምቦ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። አባቷ ኦቦ ጉተማ ታላቅ እህቷ ስትዳር የተሰጣቸውን ጋቢ «የሱቅ ነው» ብለው ለዘበኛቸው እንደሰጡት ወሬው እኛ ዘንድ ደረሰ። እናቴ ይህን ስትሰማ ሽማግሌዎቹ ፊት ብድግ አለች።

«የኦቦ ጉተማን ጋቢ ከጥጡ ጀምሬ በገዛ እጄ እፈትለዋለሁ» አለች። «ሌላ እጅ ቢነካው ወርቅውሃ አትበሉኝ!»

ሽማግሌዎቹ ደግሞ አፋቸው መች ያርፋል፤ ቃሏን ጌዶ ድረስ አደረሱላት።

ዓቢይ ጾም እኩሌታው ላይ ሲደርስ ፈትሉም እኩሌታው ላይ ደረሰ። ያኔ ነው ከገበያ ስትመለስ ከባጃጅ ስትወርድ ወድቃ ቀኝ እጇ የተሰበረው። ጀሶ ገባላት። ሐኪሙ እስከ ፋሲካ ምንም እንዳትሠራበት አስጠነቀቃት። እናቴ አለቀሰች። ለእጇ አልነበረም ያለቀሰችው፤ ለቃሏ ነው። «የቀረውን ከገበያ እንግዛ» ብላት በግራ እጇ ጫማ አንስታ ወረወረችብኝ።

ምሬቴን ለቢሊሴ በስልክ ነገርኳት እንጂ ነይ አላልኳትም። በማግስቱ ከሥራ እንደወጣች ነጠላ ተከናንባ መጣች። በእኛ ወግ ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ሙሽራ እስከ ሠርጓ የአማቷን ደጃፍ አትረግጥም። ነጠላው ማንንም አላሞኘም፤ ሰፈሩ በሙሉ በአጥር ቀዳዳ ሲያያት ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ምን እግር ጣለሽ?» አለች እናቴ።

«መፍተል እችላለሁ፣ እማማ።»

«ባንክ ውስጥ ይፈተላል እንዴ?»

«ጌዶ ይፈተላል።»

መልስ ሳትጠብቅ ዱካ ስባ ተቀመጠች። ባዘቶውን በቀኝ እጇ ያዘች፤ እንዝርቱን ግራ ጭኗ ላይ አድርጋ በግራ እጇ አሾረችው። እናቴ አማተበች።

«በግራሽ?»

«በቀኜ እንቢ አለኝ።»

ክሩ ግን ሳይበጠስ፣ ሳይጓጎል፣ እየተሳበ መጣ። እናቴ ጎንበስ ብላ ክሩን አየች። በመጨረሻ ያንን የማይነካ ሰፌድ በጀሶ እጇ ገፋ አድርጋ ወደ ቢሊሴ አስጠጋችላት። እኔ በበኩሌ የዚያን ቀን የተጋባን ያህል ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ቢሊሴ በየቀኑ መጣች። የእናቴ ሥራ ትእዛዝ መስጠት ሆነ፤ «አቅጥኚው! አሁን አበዛሽው!» ስትል ጎረቤት ይሰማል። ፈትሉ ሲያልቅ ለሸማኔው ለጉርሙ ወሰድነው። ጉርሙ ጋቢውን ሠርቶ ሲያመጣ ግን ፊቱ ልክ አልነበረም።

«እትዬ ወርቅውሃ፣ ይህ የሁለት ሰው እጅ ነው» አለ። «አንዱ ክር ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ተጠምዟል። ለየብቻ ሠራሁት፤ ቢሆንም ፀሐይ ላይ ይለያል።»

ደጅ ወጥተን ዘረጋነው። እውነቱን ነው፤ ግማሹ ያበራል፣ ግማሹ ደብዘዝ ይላል።

«ኦቦ ጉተማ ዓይናቸው ደክሟል» ብዬ እናቴን አጽናናኋት።

«ጣታቸውስ?» አለችኝ።

ከፋሲካ በኋላ ጥሎሽ ይዘን ጌዶ የሄድን ቀን እናቴ መንገዱን ሙሉ ጋቢውን እንደታቀፈች ተጓዘች። ኦቦ ጉተማ ጋቢውን ተቀብለው በሩ ጋ ወዳለው ብርሃን ወጡ፤ ጨርቁን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«አዴ ወርቅውሃ፣ እጅዎ ይባረክ» አሉ። «ጌዶ እንዲህ ያለ ፈትል አላየም።»

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። አለቀ፣ ተገላገልን አልኩ። እናቴ ግን አልተቀመጠችም። ነጠላዋን ሳብ ባደርግ እጄን መታችው።

«ግማሹ የኔ አይደለም» አለች። «እጄ ቢሰበር ልጅዎ ፈተለችው። ቃሌን አጥፌያለሁ፤ ጋቢውን ካልፈለጉት መልሼ እወስደዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ኦቦ ጉተማ እናቴን አዩ፣ ጋቢውን አዩ፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ልጄን ገና ሳልሰጣችሁ ሥራ አስገባችኋት!»

ሰው ሁሉ አብሯቸው ሳቀ። እናቴም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ ኦቦ ጉተማ ጠጋ አሏትና ዝቅ ባለ ድምፅ «የእሷ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። እናቴ ደብዘዝ ያለውን አሳየቻቸው።

ጋቢውን ገልብጠው አጠፉት። የእናቴ ወደ ውጭ፣ የቢሊሴ ወደ ውስጥ ደረታቸው ላይ እንዲያርፍ አድርገው ለበሱት።

«የእርስዎን ሰው ይየው» አሉ። «ይህኛው ግን እኔ ጋ ይሁን። እንግዲህ ልጅቷን ትወስዷታላችሁ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ቢሊሴ አባቷን «አባኮ» ብላ ስትጠራ ሰማን። ኦቦ ጉተማ እንዳልሰሙ ሆነው ጋቢውን እስከ አገጫቸው ሳቡት። ቀኑ እኮ ሞቃት ነበር።