ፒስተኑ ሲመለስስ?

ጋሽ ሚዛን የልብስ ማጠቢያ ቤቱ መካኒክ ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ሳይለኩ ስለማይናገሩ ነው። ያን ሰሞን ግን ልኬታቸው ራሳቸውን ጉድ ሠራቸው። የሆቴል አንሶላ ተከምሮ፣ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር አልሞላ ሲል፣ የቤቱ ባለቤት መላው ጠፍቷት፣ "ጋሼ፣ ፓምፑ ተበላሽቶ ይሆን?" አለቻቸው።

እሳቸውም በፓምፑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ውሃውን የሚገፋውን የፒስተኑን የፊት ስፋት በጉዞው ርዝመት አባዙ። በደቂቃ ስልሳ ጊዜ ስለሚገፋ ያንን በስልሳ ቢያባዙት ዘጠና አራት ሊትር መጣ። በርሜል ደቅነው ሰዓት ይዘው ሲለኩት ዘጠና ወጣ።

"ጤነኛ ነው! አቅሙ ይኸው ነው" አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

"እንግዲያው ሌላ እገዛለሁ" አለች ባለቤቷ።

ጋሽ ሚዛን ክው አሉ። አምስት ዓመት እንደ ልጅ ሲንከባከቡት የኖሩትን ፓምፕ በገዛ አፋቸው አስፈረዱበት!

በማግስቱ የሒሳብ አስተማሪዋ ምራታቸው ምሳ ይዛላቸው መጣች። እሳቸው እህል አልወርድ ብሏቸው ሲተክዙ፣ እሷ ወረቀታቸውን አንስታ አየችው።

"አባባ፣ ይኼ ፒስተኑ ሲሄድ ያለው ነው። ሲመለስስ?"

"ሲመለስማ ይመለሳል! ምን ያድርግ?"

"ታዲያ እነዚህ ከኋላ ያሉት ውሃ ማስገቢያና ማስወጫ ሁለት ቫልቮች ለጌጥ ናቸው?"

ዞረው አዩ። እውነትም ከፊት ሁለት፣ ከኋላም ሁለት።

"ያስረከበኝ ሰውዬ የኋላው አይሠራም ስላለኝ ከፍቼው አላውቅም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ምራታቸው ከኋላ በኩል ፒስተኑን የያዘውን የዘንጉን ውፍረት ቀንሳ ለመልስ ጉዞው ሰማንያ ስድስት ሊትር ደመረችና "መቶ ሰማንያ!" ብላ ጮኸች።

ፓምፑን አቁመው የኋላውን ክዳን ፈቱት። ውሃ መሳቢያው ቀዳዳ ውስጥ፣ ገና ሲተከል ቆሻሻ እንዳይገባ የተወተፈ ጨርቅ ድንጋይ መስሎ ተቀምጧል።

"በዚህ ቤት ሳይታጠብ የቀረ ጨርቅ ይኼ ብቻ ነው" አለች ምራታቸው፤ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ጨርቁን አውጥተው ፓምፑን ሲያስነሱት፣ ለመሙላት ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጅ የነበረው በርሜል በአንድ ደቂቃ ከምናምን ጢም አለ። ጋሽ ሚዛን ምሳቸውን ጥርግ አድርገው በሉ።

በነጋታው ታንከሩን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ከቀትር በፊት ይሞላል ብሎ ማን አስቦ! ውሃው ከጣሪያው ተንዶለዶለና በር ላይ የቆመችውን ባለቤት ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አራሳት።

"ጋሼ!" አለች ፊቷን እየጠረገች፣ ሳቋ እያመለጣት፣ "ይኼን ሁሉ ውሃ የት ደብቀውብኝ ኖሯል?"