ባለ አስራ አንድ ቁጥሩ ማልያ

በግንቦት ሁለተኛው እሁድ፣ ድሬዳዋ ላይ፣ የሟቹ የተካልኝ ማልያ ውስጡ ሰው ሳይኖር ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ኳስ ተጫወተ። ዘመኑ ፋብሪካዎች ኳስ ተጫዋች መቅጠር የጀመሩበት ነበር።

ማልያውን ወደ ሜዳ ያመጣችው ሚስቱ አመለወርቅ ናት። ተካልኝ የሳሙና ፋብሪካው ቡድን የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበር፤ ወባ በአራት ቀን ወሰደው። ልቅሶ ላይ የሟች ልብስ ተይዞ ሙሾ ይወረዳል። እሱ ደግሞ ከማልያው የተሻለ ልብስ አልነበረውምና አገር የተላቀሰው አስራ አንድ ቁጥርን ይዞ ነው። ተዝካሩ ሲወጣ፣ ንብረቱ የቡድኑ ስለሆነ፣ አጥባና ተኩሳ ልትመልሰው መጣች።

በአምስት ዓመት ትዳራቸው ሜዳውን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። እሁድ በመጣ ቁጥር «ነይና እይኝ» ይላት ነበር። እሷ ግን ባለትዳር ሰው በቁምጣ ሲሯሯጥ ማየት ያሳፍራታል። አሁን ሌላው ቢቀር የሮጠበትን አቧራ ልይ ብላ ነው እንጂ፣ ማልያውንማ በሰው መላክ ትችል ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ቡድኑ ያን ቀን አስር ሰው ብቻ ነበረው። አርባው ሳይወጣ የሟች ቦታ አይያዝም ብለው ቆይተው ነበር፤ የተጠራው ምትክ ደግሞ ባቡር አመለጠው። አምበሉ ዑመር ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ፣ ማልያው ከክንዷ ወረደ፣ እጅጌውን አስተካከለና ወደ ግራ መስመር ሮጠ።

«ዳኛ፣ ሰው የለበትም እኮ!» አለ የሐረሩ ቡድን አምበል።

ዳኛው አቶ ገብረየስ ደንብ አጥባቂ ሰው ናቸው። ደብተራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አነበቡ።

«ተጫዋች ያለ ማልያ አይገባም ይላል። ማልያ ያለ ተጫዋች አይገባም የሚል ግን አላየሁም» አሉና ፊሽካቸውን ነፉ።

አመለወርቅ መስመሩ ዳር ቁጭ አለች። ማልያው ጎበዝ ነበር። ኳሱን በምን እንደሚመታው የጠየቀ የለም፤ ኳሱ ግን ይሄድ ነበር። ሰው ሊያልፍ ሲል ቀኝ ትከሻውን ዝቅ ያደርጋል። ተካልኝ ቤት ሲገባም እንዲያ ያደርግ ነበር፤ እሷ የበሩ መቃን አጥሮት ይመስላት ነበር። ለካ ከዚህ ያመጣው ኖሯል። ይህን በማወቋ ደስ አላት፤ አምላኳንም አመሰገነች።

ጊዜው እየተገባደደ ሲመጣ ግን ፍርሃት ያዛት። መምጣቷን ሳያውቅ ፊሽካው ቢነፋስ? ያን ሁሉ እሁድ የለመናት እሱ ነው። ሁለት ደቂቃ ሲቀር ብድግ አለች።

«ተካልኝ! መጥቻለሁ! እያየሁህ ነው!»

ማልያው ባለበት ቆመ። አንገትጌው ወደ እሷ ዞረ።

«ኧረ አመለ፣ አሁን አይደለም!» ሲል ጮኸ ዑመር።

ኳሱ በማልያው አጠገብ አለፈ። ሐረሮች አገቡ። ማልያው አልተነቃነቀም፤ ፊሽካው እስኪነፋ ድረስ እሷን ሲያይ ቆየ። ከዚያ መጥቶ እቅፏ ላይ ታጥፎ ወደቀ። በላብ ርሶ ነበር።

አመለወርቅ የሁለቱንም ቡድን ተጫዋቾች አንድ በአንድ እየዞረች «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው። ጎል ያገባውንም አልዘለለችውም።

ዑመር ማልያውን አልተቀበላትም። «አንቺው ጋ ይሁን» አላት። «ብንሸነፍም ለአንቺ መጫወቱ አይቆጨንም።»

በዚያው ሳምንት፣ ውሃ ለመቅዳት ወረፋ ስትይዝ፣ ያየችውን ለሴቶቹ ሁሉ ነገረቻቸው። ምስጋና ብቻዋን መያዝ ከበዳት።

በሚቀጥለው እሁድ ሰባ የሚሆኑ ሴቶች በሜዳው ዙሪያ ቆመው ነበር። እያንዳንዷ የሟቿን ልብስ አጥባና ተኩሳ በክንዷ ይዛለች፤ ካፖርት፣ ሽርጥ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የዓመት ልጅ ሸሚዝ። አቶ ገብረየስ ሰዓታቸውን አይተው ፊሽካውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ነፋስ አልነበረም። በመጀመሪያ የተነሳው የሕፃኑ ሸሚዝ እጅጌ ነው።