አባባ ያለበት ገጽ

«ፕሮግራሙን አጥፍተህ አብራው አልኩህ!»

«አይሆንም አልኩሽ እኮ። ከጠፋ በኋላ እስኪነሳ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ሰዉ ይሳደባል።»

«ይሳደብ። አንተ መሰደብ ብርቅህ ነው?»

እህቴ ናት። መናኸሪያ ውስጥ መስኮት ላይ ትኬት ትቆርጣለች። ከጀርባዋ ባለችው ጠባብ ክፍል ቁጭ ብሎ የአውቶቡስ ድርጅቱን ዌብሳይት የሚይዘው ደግሞ እኔ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል ነው የተባረርኩት፣ የዳይሬክተሩ ወንበር ላይ ማስቲካ ለጥፌ። ኮድ የተማርኩት ከስልክ ቪዲዮ ነው።

ድሮ አንድ ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር ፕሮግራሙ የአውቶቡሱንም የሹፌሩንም መዝገብ እንደ አዲስ ያነብ ነበር። መንገደኛው ስልኩን ይዞ ይደርቃል። እኔ አስተካከልኩት፦ ሲነሳ አንዴ ያነባል፣ ከዚያ ለመጣው ሁሉ ያንኑ የያዘውን ያሳያል። አለቃችን «አንተ ዱርዬ፣ ለካ ጭንቅላት አለህ» አለኝ።

ታዲያ አንዴ ካነበበ በኋላ መዝገቡ ላይ የሚቀየረውን አያይም። ጠፍቶ ካልበራ በስተቀር።

አባባ እዚሁ ሹፌር ነበር። የጠዋት አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ የሱ ነው። ከሞተ አስራ አንድ ቀኑ። እህቴ በሦስተኛው ቀን ከመዝገቡ ሰረዘችው። ገጹ ላይ ግን አለ፣ ከነፎቶው፣ ኮፍያውን ወደ ጎን አድርጎ።

አላለቀስኩም። ቀብሩ ላይ የሰው እግር ሳይ ዋልኩ። አጎቴ የግራና የቀኙ የማይገናኝ ካልሲ አድርጓል። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እሱም ጠፋ። አሁን ጠዋት ጠዋት እገባለሁ፣ ገጹን እከፍታለሁ፣ አለ፣ እዘጋለሁ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

«እሺ ነገ» አልኳት።

«ትናንትም ነገ ብለሃል።»

«ምን አስቸኮለሽ? እዚያ ቢቀመጥ ማንን ጎዳ?»

መስኮቱን የሚያንኳኳውን ሰው ትታ ወደ እኔ ዞረች።

«ገጹ ላይ አይተውት ነው የሚመጡት። ‹የሱ መኪና ነው አይደል? ሰላም በይልን› ይሉኛል። ምን የምላቸው ይመስልሃል?»

ገጹን ከፈትኩ። አለ።

«እኔ በቀን ሃያ ጊዜ እገድለዋለሁ። አንተ አንዴ ግደለውና እንረፍ!»