የታሸጉት ዘጠኝ ጃኬቶች

ጋሽ ሰዲቅ ሃያ ስድስት ዓመት መርከብ ላይ ሠርተው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሸዋ ሮቢት ዳር ማሾና ሽንኩርት ያለማሉ። እርሻው ግን አላረጋጋቸውም። ክረምት ገብቶ ሮቢ ወንዝ መሙላት ሲጀምር በቀን አራት አምስት ጊዜ እየወረዱ ያዩታል። ባለቤታቸው ራቢዓ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወንዙን ጠብቅ ብሎ የቀጠረህ አለ? አረፍ በልና ምሳህን ብላ» ይሏቸዋል። ሁለት ጉርሻ ሳይውጡ ይነሳሉ።

ባለፈው ነሐሴ ቅድስት የምትባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣች። ሥራዋ ለብሔራዊ የውሃ ላይ ትራንስፖርት ደህንነት ፕሮግራም ስትራቴጂክ ግቦችን ማርቀቅ ነበር። ረቂቁን ለድሮ መርከበኞች አሳይተሽ አስተያየት ሰብስቢ ተብላ ነው እሳቸው ዘንድ የደረሰችው።

ጋሽ ሰዲቅ መነጽራቸውን አድርገው በረንዳው ላይ ማንበብ ጀመሩ። ሦስተኛው ግብ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «በአምስት ዓመት ውስጥ ለሁሉም የውሃ መሻገሪያዎች የሕይወት አድን ጃኬት ማዳረስ» ይላል።

«ይቺን እኛ አሳክተናታል» አሉ።

«እንዴት?»

«ተነሺ ላሳይሽ።»

ከከተማው ዝቅ ብሎ ሙሄ የሚባል ሰው ክረምት ክረምት መንገደኛ ያሻግራል። ታንኳ ይሉታል እንጂ፣ ስምንት የጭነት መኪና ከመነዳሪ ተነፍቶ እንጨት የታሰረበት ነገር ነው። ሙሄ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረውን ገመድ እየሳበ ይነዳዋል። የመሻገሪያው ኮሚቴ ካቻምና ዐሥር ጃኬት ተረክቦ ፎቶ ተነስቷል። ዘጠኙ ከነላስቲካቸው በቆርቆሮ መጋዘን ተቆልፎባቸዋል። ዐሥረኛውን ሙሄ አጥፎ ተቀምጦበታል።

«ለምን ተቆለፈባቸው?» አለች ቅድስት እዚያ ሲደርሱ።

«እንዳይጠፋ ነዋ» አለ ሙሄ። «ንብረት ነው። ቁልፉ ሊቀመንበሩ ጋ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ለቅሶ አጣዬ ሄደዋል።»

ቅድስት ሳቋ መጣ። ጋሽ ሰዲቅ ግን ፊታቸው አልተፈታም። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ እንደገና ተቀመጡ።

«እኔም እንደዚህ ነበርኩ» አሉ ድንገት። «የመርከበኞች አለቃ ሆኜ፣ በየወሩ የነፍስ አድን ጀልባዋን አውርደን መለማመድ ነበረብን። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ልጆቹም ይደክማቸዋል። ‹ልምምድ ተደርጓል› ብዬ እፈርም ነበር። አንድ ቀን ጌጡ የሚባል የደብረ ሲና ልጅ ቀይ ባሕር ላይ ወደቀ። ሮጠን ጀልባዋን ልናወርድ ስንል ማውረጃው ዝጎ እንቢ አለ። ራሱን ከውሃው በላይ አድርጎ ያየን ነበር። እያየን ራቀ።»

«መርማሪዎቹስ?» አለች ቅድስት።

«መዝገቡን አዩ። ፊርማዬ በየወሩ አለ። ምንም ጥፋት አልተገኘብኝም።»

ይህን እያወሩ ወንዙ መልኩን ለወጠ። ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ደርሶ ውሃው ቀላ፤ ግንድና ቅጠል እየገፋ ይጓዝ ጀመር። በዚሁ መሐል አምስት ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ ወደ ታንኳው ወረዱ። ከፊት ያለችው ደብሪቱ የጨው ጆንያ ተሸክማለች።

«ሙሄ፣ አሁን አትነሳም» አሉ ጋሽ ሰዲቅ።

«ጋሼ፣ ካሁን የባሰ እኮ ነው የሚመጣው። ልጆቻቸው ማዶ ናቸው።»

ጋሽ ሰዲቅ ወዲያ ወዲህ አሉ። ከዚያ ትልቅ ድንጋይ አንስተው ወደ መጋዘኑ ሄዱ፤ በሦስተኛው ምት ቁልፉ ተሰበረ። ዘጠኙን ጃኬት አቅፈው ወጡ።

«ልበሱ!»

ሴቶቹ ተያዩ። «ይሄን የአህያ ኮርቻ?» አለች ደብሪቱ። «ስንት ክረምት ተሻግሬያለሁ፣ ምን ሆንኩ? እርስዎ ባሕር ለምደው ነው እንዲህ የሚፈሩት?»

ጋሽ ሰዲቅ አንዱን ጃኬት ለብሰው ማሰሪያውን ጠበቅ አደረጉና ከነልብሳቸው ውሃው ውስጥ ገቡ።

ሙሄ «ወላሂ አበዱ!» ብሎ ጮኸ። ቅድስት ጫማዋን ጥላ በወንዙ ዳር ሮጠች። ጎርፉ ሽማግሌውን አዞረ፣ አንድ ጊዜም ግንድ በአጠገባቸው አለፈ። ራሳቸው ግን አልሰጠመም። መታጠፊያው ጋ ውሃው ሰፍቶ ይሳሳል፤ እዚያ እግራቸው መሬት ነካ። ቅድስትና ሙሄ ጎትተው አወጧቸው። አንድ ጫማ ጠፍቷል፤ የጠጡትን ጭቃ ውሃ እያሳሉ ብዙ ቆዩ።

ደብሪቱ ደርሳ፣ «ዋና አይችሉም እንዴ?» አለች።

«እችላለሁ። ግን አልዋኘሁም፤ እጄን አጣምሬ ነው የመጣሁት። አላየሽም?»

«እስቲ ወዲህ በሉት» አለችና ደብሪቱ እጇን ዘረጋች።

አምስቱም ለበሱ። ሙሄም የተቀመጠበትን አራግፎ አጠለቀ። በሁለት ዙር ተሻገሩ፤ ገመዱም አልተበጠሰ፣ ሰውም አልወደቀ። ሙሄ ሲመለስ፣ «ይኸው ምንም አልሆነ። ሁሌም እኮ ምንም አይሆንም» አለ።

ሊቀመንበሩ ከአጣዬ ሲመለሱ ተቆጡ፤ የሕዝብ መጋዘን ሰብረዋል ብለው ጋሽ ሰዲቅን ኮሚቴው ፊት አስጠሯቸው። ግማሹ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ ተከራከረ። በመጨረሻ ጃኬቶቹ ታንኳው ጋ እንዲሰቀሉ ተስማሙ። በሳምንቱ አንዱ ጠፋ። «አላልኳችሁም?» አሉ ሊቀመንበሩ። ኋላ ሲጣራ ዝናብ ይዟት ደብሪቱ ለብሳው ቤቷ ገብታ ኖሯል።

መስከረም ላይ ቅድስት ደወለች።

«ጋሽ ሰዲቅ፣ ሦስተኛው ግብ ተለወጠ! ‹ማዳረስ› ቀርቶ ‹ከተሳፋሪው ሰባ በመቶው ለብሶ እንዲሻገር ማድረግ› ሆነ። እየሄዱ በዓይን የሚቆጥሩ ሰዎችም ይመደባሉ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ድምፃቸው ግን ቀዝቀዝ ያለ ነበር።

«ምነው? ደስ አላለዎትም?»

«ሠላሳዎቹ እነማን ናቸው?»

«እሱማ ለመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። መቶ ብንል አያጸድቁልንም።»

«አውቃለሁ። እነማን ናቸው ነው የምልሽ። ማን ብሎ መረጣቸው?»

«ሐሙስ የመጨረሻው ስብሰባ አለ። ለምን ራስዎ መጥተው አይጠይቋቸውም?»

ስልኩን ዘጉና ግቢው ውስጥ አንድ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። «ራቢዓ!» ብለው ተጣሩ። «ያቺ ግራጫ ኮቴ የት ናት?»

ረቡዕ ማለዳ የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ተሳፈሩ።