የደፉ ቦታ

ጣልሞን ያን ዕለት ጠዋት ወደ ተራራው ሲወጣ አባቱን ገና ከሩቅ አያቸውና እርምጃውን አፈጠነ። ሽማግሌው ዓቁብ ምርኩዛቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል ተክለው፣ ሠራተኞቹ ትናንት ከፍርስራሹ ውስጥ ፈልፍለው ባወጡት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለዋል። ያ ድንጋይ ደግሞ እንደ ሌላው ድንጋይ አይደለም። የበር መዝጊያ እግር ሲዞርበት የኖረ ጉድጓድ መሐሉ ላይ አለው። ባቢሎናውያን ያቃጠሉት የቤተ መቅደሱ የሰሜን በር የነበረው እዚሁ ነው ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚያከራክር ነገር የለም።

የእነ ጣልሞን ዘር በረኛ ነው። ሌላው ሌዋዊ ሲዘምርና ዕቃ ሲያጥብ፣ የእነሱ ቤት ሰው ደፉ ላይ ቆሞ ንጹሑን ያስገባል፣ ርኩሱን ይመልሳል። ከምርኮ ሲመለሱ ግን የሚቆሙበት በር ቀርቶ ደፍ እንኳ አልነበረም። ሕዝቡም በመጀመሪያው ሰሞን መሠዊያውን ሠርቶ ካበቃ በኋላ ቀዝቀዝ አለ፤ ሁሉም የየራሱን ጣሪያ መክደን ያዘ። ይሄኔ ጣልሞን በአንድ የበዓል ጉባኤ መሐል ደሙ ፈልቶ ተነሣና፣ የሰሜኑን በር ደፍ በገዛ እጄ አስቀምጬ ካህናቱ «ልክ ነው» እስኪሉ ድረስ ናዝራዊ እሆናለሁ ብሎ ተሳለ። ፀጉሩን አይቆረጥም፣ ወይን አይቀምስም፣ ዘቢብ እንኳ አይበላም። ሬሳም አይነካም፤ ናዝራዊ የገዛ አባቱ ቢሞት እንኳ አስከሬኑ አጠገብ አይደርስም። ምን አለበት፣ የሁለት ወር ሥራ ነው ብሎ ነበር። ይኸው ሦስተኛው የወይን ለቀማ አለፈ። ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወርዶ የድንጋይ ብናኝ ይለቅማል፤ ሚስቱ ሰሎሚትም አጠገቧ በተኛ ቁጥር አቧራ ስታራግፍ ታድራለች። በዚያ ጉባኤ አፉን የሚይዝለት አንድ ሰው መጥፋቱ እስካሁን ያናድደዋል።

ጥፋቱ ግን የአፉ ብቻ አልነበረም። ካህናቱ አዲሱ ቤት ካሮጌው ቦታ ንቅንቅ እንዳይል፣ ምልክቱ የጠፋበትንም ቦታ በዓይኑ ያየ ሽማግሌ እንዲያሳይ ወስነዋል። የሰሜኑን በር ያየ በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ ዓቁብ ብቻ ናቸው። እሳቸውም አሳዩ። አዲስ የተጠረበው ደፍ በበሬ ተጎትቶ መጣ፣ ተቀመጠ፤ ካህናቱ ከግቢው ማዕዘን ለክተው ቦታው አይደለም አሉ፤ ተነቀለ። ዓቁብ እንደገና ሲጠየቁ ወደ ሰሜን ገፋ አደረጉት። ተቀመጠ፤ አሁንም ተነቀለ። በሦስተኛው ጊዜ ያሳዩት ቦታ ጭራሽ ገደል አፋፍ ነው። ጣልሞን የሚያሠራቸው ድንጋይ ጠራቢዎች መሳቅ ጀመሩ። «አለቃ፣ አባትህ በሩን ይዘውት ነው እንዴ የሚዞሩት?» ይሉታል። ጣልሞን አብሮ ይስቅና ቤቱ ሲገባ ግድግዳውን በቡጢ ይመታል።

አሁን እውነተኛው ቦታ ሲገኝ ሽማግሌው ላዩ ላይ ተቀመጡበት። ጠራቢዎቹ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ሽማግሌ እጁን ይዞ የሚጎትት ደፋር አልተገኘም። ከባሕሩ በኩል ደመናው መከመር ጀምሯል። ዝናቡ ከጣለ ሰዉ ሁሉ ወደ እርሻው ነው፤ ካህናቱም ከዚያ ወዲያ የሰሜኑ በር ነገር ለከርሞ ይደር ብለዋል።

ጣልሞን መጀመሪያ ለመናቸው። ፀሐዩ ይጎዳዎታል፣ ሰሎሚት ዳቦ ጋግራለች፣ ቤት ገብተው ይብሉ አላቸው። ከድንጋዩ ንቅንቅ አላሉም። ቦታው ይህ አይደለም ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ዝም። ነው ወይ ሲላቸውም ዝም። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ተነሣ አልኩህ» አለ፣ አባቱን በሰው ፊት አንተ ብሎ። «እኔን የአገር መቀለጃ አድርገህ ምን ታተርፋለህ?»

ጠራቢዎቹ አቀርቅረው መሬት መሬቱን ማየት ያዙ። ዓቁብ አልተቆጡም። ና ቅረብ ብለው በእጃቸው ጠሩት፤ ጎንበስ ሲልላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አባቴ ከሥሬ ነው ያለው።»

ጣልሞን አልገባውም።

«ከተማው የተቃጠለ ዕለት ደፉን አልለቅም ብሎ እዚሁ ገደሉት። እኔና እናቴ በወደቀው ድንጋይ ሸፈንነው። ወታደሮቹ እየጎተቱ ሲወስዱን ፊቱ ገና አልተሸፈነም ነበር።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርጋለህ? ናዝራዊ ነህ፣ አጥንት አትነካም። እኔ ይህን ድንጋይ የማነሣበት ጉልበት የለኝም። ባዕድ እጅ ደግሞ እንደ ፍርስራሽ ዝቆ ያወጣዋል። ደፉ የትም ይቀመጥና የልጄ ስእለት ይፈጸም፣ ከዚያ ነግሬው ሁለታችን እናነሣዋለን ብዬ ነበር። ካህናቱ መለካት አበዙ እንጂ።»

ጣልሞን እዚያው ቁጢጥ አለ። ደፉ ካልተቀመጠ ስእለቱ አይፈጸምም። ስእለቱ ካልተፈጸመ አያቱን አያነሣም። አያቱ ካልተነሣ ደግሞ ደፉ አይቀመጥም፤ ሬሳ ያረክሳልና መቃብር ላይ የቆመ በር ለቤተ መቅደሱ አይሆንም። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ቋጠሮ ያጠበቁት እሱና አባቱ ናቸው፣ አንዱ በመለፍለፍ፣ አንዱ በዝምታ። የሚጮህበት ሰው ፈልጎ አጣ።

አባቱን ደግፎ አስነሣቸው። ሠራተኞቹንም ከሥሩ አስከሬን እንዳለ ነግሮ ራቅ እንዲሉ አዘዛቸው። አንዱ ናዝራዊነቱን ሲያስታውሰው ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው። ድንጋዩን በእንጨት ፈንቅሎ ገለበጠና በእጁ ይቆፍር ጀመር። ጣቱ አጥንት የነካ ጊዜ ሦስቱ ዓመታት እንዳልነበሩ ሆኑ። የናዝራዊ ሕግ እንዲህ ነው፤ በሬሳ ከረከሰ ያሳለፈው ሁሉ አይቆጠርለትም፣ ራሱን ተላጭቶ እንደ አዲስ ይጀምራል።

አጥንቱን እያነሣ አባቱ በዘረጉት መጎናጸፊያ ላይ አኖረ። ሰውየው ሲሞት ከጣልሞን ያነሰ ዕድሜ ነበረው፤ ጥርሱ ሙሉ ነው። ዓቁብ የራስ ቅሉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ፊቱን በመጎናጸፊያው ጫፍ ሸፈኑት። «አባባ» አሉ። እንደ ሕፃን ነበር ያሉት።

ከቄድሮን ሸለቆ ማዶ ቀበሩት። ሁለቱም ረክሰዋልና ሰባት ቀን ወደ ተራራው አይወጡም። በሦስተኛው ቀን አንድ ካህን የጊደር አመድ የተበጠበጠበትን ውሃ ይዞ መጥቶ ከርኩሰታቸው ሊያነጻቸው ረጫቸው። ጣልሞን በእሱ በኩል ለጠራቢዎቹ እንዳይጠብቁት መልእክት ላከ፤ ደመናው እንደሆነ ሰው አይጠብቅም። ካህኑም ስእለቱ እንደ አዲስ እንደሚጀምር ነገረው። ደፉ ያለ እሱ ከተቀመጠ ግን ስእለቱ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ ካህናቱ ገና እየተከራከሩበት ነው አለ። ጣልሞን ይህን ሲሰማ ውሃውን ከነእንስራው ሊደፋበት ምንም አልቀረውም።

በማግስቱ ከተራራው ላይ መለከት ተነፋ፤ እልልታው ሸለቆውን ሞላው። ከማዶ የሚታየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ደፉን ማን እንዳስቀመጠው አይለይም፤ ብቻ እሱ አይደለም። ጣልሞን ለዚያች ሰዓት ብሎ የተከለከለውን ሁሉ፣ የተሳቀበትንም ሁሉ አሰበ። አባቱ አዲሱ መቃብር አጠገብ ተቀምጠው ቀድመውት እያለቀሱ ነበር። ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። እሱ ለደፉ አለቀሰ፣ እሳቸው ለአባታቸው። ማንም ማንንም አይዞህ አላለም።