ሐሙስ ዕለት ኢስታንቡል ላይ የበላሁት

አባቴ አራጌ መካነ ሰላም መናኸሪያ ድረስ የመጣው እኔን ሊሸኝ መስሎኝ ነበር። ግንባሬን ስሞ ሲያበቃ ግን ወደ ኡምኩልሱም ዞረ። «ልጄ፣ ፍቅርአዲስ ያየችው ሁሉ ያምራታል። እዚያ የሚታረደው ሁሉ የናንተ ነው። ሥጋ እንዳታስነኪያት፣ አደራ!» አላት። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ አስተማሪ ነኝ፤ በሰው ፊት እንዲህ ሲለኝ ደሜ ፈላ። ኡምኩልሱም ግን «አማናዎ አንገቴ ላይ ነው፣ ጋሼ አራጌ» አለችው።

እኔና እሷ የምናስተምረው አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ ለአሥር ቀን ሥልጠና ኢስታንቡል የተላክነውም አብረን ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሷ ሙስሊም። እኛ አገር አብረን እንድራለን፣ አብረን እንቀብራለን፤ ሥጋ ላይ ስንደርስ ብቻ ድስቱ ይለያል። ሥጋ ቤቱ በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ስላለ ተሳስቶ የሚገባ የለም።

ኢስታንቡልን ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ድመት ወንበር ላይ ተኝታ፣ ባለ ሻዩ ላለመቀስቀስ ቆሞ ይጠጣል! ድልድዩ ላይ ስንት ሰው ተደርድሮ ዓሣ ያጠምዳል፤ ከሥሩ ዓሣውን ጠብሰው ዳቦ ውስጥ ከተው ይሸጡታል። አንዱ መንገድ ዳር ከባሕር የወጣ ጥቁር ቅርፊት ከፍቶ፣ ሎሚ ጨምቆበት «እንኪ» በሚል እጅ ሲዘረጋልኝ ጮኼ ሸሸሁ።

ኡምኩልሱም ምግብ ቤት ሁሉ ቀድማኝ ትገባና አስተናጋጁን በስልኳ እያስተረጎመች ትመረምረዋለች። ለእኔ የምስር ሾርባ፣ ዓሣ፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ። ለራሷስ? እሷም ምስር! «ላንቺ ሐላል ነው፣ ብዪ እንጂ» ስላት «አንቺ ቁጭ ብለሽ እያየሽኝ?» አለችኝ። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ሐሙስ ዕለት ራሷን አሟት ተኛች። ብቻዬን ወጣሁ። አንዲት ጠባብ ዳገት ላይ ሥጋው እሳት ፊት ቆሞ እየተሽከረከረ ይጠበሳል፤ ሰውየው በረጅም ቢላ እየላጠ ዳቦ ውስጥ ያስገባል። በሩን አየሁ፤ መስቀልም ጨረቃም የለም። ረሳሁ ብል ውሸት ነው። የባሕር ማዶ ሥጋ የማንም አይደለም፣ መካነ ሰላም ድረስም አይሰማም አልኩ። ሁለት በላሁ።

ለኡምኩልሱም እየሳቅኩ ነገርኳት። ከአልጋዋ ብድግ አለች። «ያ ረቢ! ምን ጉድ ነው የሠራሽኝ?» ስታለቅስ ሳይ ደነገጥኩ። የበላሁት እኔ፣ የምታለቅሰው እሷ! «ወላሂ፣ ሄጄ አልናገርብሽም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ስንመለስ አባቴ በግ አርዶ በምሳ ጠበቀን። ለኡምኩልሱም ወንድሟ ጠልሐ ጠዋት መጥቶ ዶሮ ባርኮ አርዶላታል፤ ለሙስሊም እንግዳ በተለየው ድስት ተሠርቶ ቀረበላት። መንገዱን ሁሉ «ዝም ካልኩ ያልፋል» እያልኩ ነበር የመጣሁት። ግን ደብቄ ከአባቴ ጋር አንድ ገበታ ላይ እጄን ከሰደድኩ፣ እሱንም ሳያውቅ ማስነካቴ ነው። ከተናገርኩ ደግሞ ከገበታው እነሳለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ እኔ ቤት እያለሁ ብቻውን በልቶ አያውቅም።

ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፌ እያመጣ ሳቀ። «እህስ ኡምኩልሱም፣ አደራዬን ጠበቅሽልኝ?»

«አልጠበቅሁም፣ ጋሼ አራጌ» አለች። «ሐሙስ ዕለት ተኝቼ ለብቻዋ ለቀቅኋት፤ ሥጋ በላች። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እጁ አፌ አጠገብ ቀጥ ብሎ ቀረ። ታጋልጠኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ጥፋቴን ትሸከምልኛለች ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። ኢስታንቡል እንኳ እንዲህ አላስደነገጠኝም።

«የእሷ ጥፋት አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ። «እኔ ነኝ! እያወቅሁ ነው የበላሁት። ሁለት!»

አባቴ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠው። «ቄሱ ጋ እስክትቀርቢ ድረስ ከእኔ ገበታ ተነሽ» አለ ቀስ ብሎ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ተነሳሁ። ኡምኩልሱምም ዶሮዋን ሳትነካ ተነሳች።

«አንቺ ወዴት ነው? ያንቺ እኮ ለብቻ ነው የተሠራው» አላት።

«አብረን ሄደን አብረን ነው የመጣነው። እሷን አስነስቼ አልቀመጥም፣ ጋሼ» አለች።

በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በሩ ክፍት ነው፤ አባቴ በጉ ፊት ብቻውን ቁጭ ብሏል። አይበላም፣ አይነሳም። ከዚያ ወደ በሩ ዞረ።

«ፍቅርአዲስ።»

«አቤት፣ አባዬ።»

«ለመሆኑ... ይጥማል?»

ኡምኩልሱም በድንጋጤ ክንዴን ጨበጠችው።

«ይጥማል፣ አባዬ» አልኩ። «ግን ብቻዬን ነበርኩ።»

አባቴ ተነስቶ ገበታውን ከደነው፤ እጁን ታጠበና ወጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። ያን ቀን ሦስታችንም ምሳ ሳንበላ ዋልን።