የሦስት ማሳ ጭድ

«ሁለት ሰዓት» ብዬ የጻፍኳት ውሸት ከድብ ባሕር ሦስት ኬሻ ጭድ ታስመጣለች ብዬ እንዴት ልገምት?

እኔ አንዳርጋቸው፣ ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ላብራቶሪ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ ቴክኒሻን ነኝ። አለቃዬ ዶክተር ዓይናዲስ ከጉሎ ዘይትና ከገብስ ጭድ አረፋ ትሠራለች፤ ቀለል ያለ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚለጠፍ። ወተት የለው፣ ቅቤ የለው፤ «የጾም ስፖንጅ» እያልኩ አሾፍበታለሁ። ችግሩ ሙቀት አይችልም። ጸዳ ከተማ አንድ ቤት ላይ የለጠፍነው የበጋ ፀሐይ ሲያገኘው ረግቦ ወረደ።

የከተራ ዕለት ጠዋት አዲስ ቁራጮች ሰጠችኝና «ኦቨን ውስጥ ሁለት ሰዓት ይቆዩ» ብላኝ ሄደች። ከተትኳቸው። መዝገቡ ላይ «ሁለት ሰዓት» ብዬ ቀድሜ ጻፍኩና ታቦቱን ለማጀብ ጥምቀተ ባሕሩ ወዳለበት ወደ ቀሐ ወንዝ ሮጥኩ። ኦቨን የሚባል ነገር ትዝ ያለኝ ጥር አሥራ ሦስት ጠዋት፣ ሚካኤልን ደብሩ ባስገባን ማግስት ነው። ቁራጮቹ ጠይመው ነበር። አውጥቼ አቀዘቀዝኳቸውና ዝም አልኩ።

እነዚያ ቁራጮች ዘጠና ዲግሪ ላይ ድንጋይ ተጭኖባቸው ንቅንቅ አላሉም።

ዓይናዲስ እንቅልፍ አጣች። እነዚያስ ለምን አልረገቡም? እንደገና ሠራች፤ ረገበ። ጉሎውን ቀየረች፤ ረገበ። «ጭዱ ይሆን?» ብላ ጭዱን ወደሚልኩላት አባቷ ዘንድ ድብ ባሕር ደወለች። ውጤቱ እስከ ሚያዝያ ካልተደገመ ሥራዋ እንደሚዘጋ አውቃለሁ፤ ብናገር ደግሞ ጡረታዬ ደጃፍ ላይ ስሜ ይጠፋል። ፈራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አባቷ አያ እንኳየሁ ራሳቸው መጡ። የሦስት ማሳ ጭድ ለየብቻ ከተው፣ አንዱን ኬሻ በቀይ ክር፣ አንዱን በነጭ፣ አንዱን በልጥ አስረዋል።

«ያልረገበላችሁ የጓሮው ማሳ ጭድ ይመስለኛል» አሉኝ ኬሻውን እየዳበሱ። «ሸጋ ገብስ ነው። አንተስ ምን ትላለህ?»

አላስቻለኝም። ሰባ አንድ ሰዓት ሙሉ ኦቨን ውስጥ ረስቼው እንደነበር እዚያው፣ ዓይናዲስም እየሰማች፣ ዘረገፍኩት።

«ምነው ታዲያ እስከ ዛሬ?» አሉ ሽማግሌው።

የዓይናዲስ ፊት ተለዋወጠ። «ያስከፋኝ ስህተትዎ አይደለም፣ አያ አንዳርጋቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የማይሆን ጥያቄ ስጠይቅ እያዩ ዝም ማለትዎ ነው።»

አፈርኩ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቁጣዋ ሳይበርድ፣ «ሰባ አንድ ሰዓት» አለች ለራሷ። «በዚያ መሃል መብራት አልጠፋም?»

«አልጠፋም» ልል አፌን ከፈትኩ። ቀሐ ስዘምር የሰነበትኩ ሰው ስለ ላብራቶሪው መብራት ምን አውቄ?

«አላውቅም» አልኳት።

መዝገቡን ስባ «ሁለት ሰዓት» የሚለውን ሰረዘችና በላዩ «አይታወቅም» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወንበር አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ የከተራን ዕለት ከጠዋቱ ጀምሬ እንድነግራት ጠየቀችኝ።